ብኩን ላለመሆኔ ማስረጃ

ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከሰርቦ እስከ ሊሙ ባለው አገር እንደ እኔ ነገር የማያባክን ሰው ካለ ወዲህ ይምጣና እንተያይ። እኔ የሻይ ቅጠል ሁለቴ አፈላለሁ። የተጣመመ ምስማር አቅንቼ እመታለሁ። ክብሪት ጭሬ በተረፈው እንጨት ጥርሴን እጎረጉራለሁ። ባለቤቴ ትዕግስት ይህን ስታነብ «ያቀናኸው ምስማር ግድግዳ ሲገባ ማን አየ?» ማለቷ አይቀርም። እውነቷን ነው። አንዷን ምስማር ለማቅናት ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል፤ አውራ ጣቴን እቀጠቅጣለሁ፤ ጣቴ ይታሸጋል፤ በመጨረሻ አዲስ ምስማር ይገዛል። አሮጌዋ ምስማር ግን አልተጣለችም! ቁም ነገሩ እሱ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አማርኛ አንድ ቃል አለው፤ ብኩን። ይህን ቃል ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ቢመጡልኝ ምሳ ጋብዤ አስረዳቸዋለሁ፤ ምሳው ቢያርም ማስረጃው አይቀርባቸውም።

ሰው ብኩንን ከሰነፍ ጋር ያምታታል። ትልቅ ስሕተት ነው። ሰነፍ አይሠራም። ተኝቶ ይውላል፤ ፊቱ ይወዛል፤ ዕድሜው ይረዝማል። ብኩን ግን ከወፍ ቀድሞ ይነሣል። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ላቡ ጠብ ይላል፣ ማታ እግሩ አብጦ ይገባል። «ምን ሠርተህ ዋልክ?» ሲሉት ግን የሚያሳየው የለውም፤ ካበጠው እግሩ በስተቀር። ከሞኝም ይለያል። ሞኝ አያስብም። ብኩን አብዝቶ ያስባል። እንዲያውም ብኩን ሰው የሚጎዳው ሐሳብ በማጣት አይደለም፤ ሐሳብ ሲመጣለት ቁጭ ብሎ እስኪያልፍ ባለመጠበቁ ነው።

ቃሉ እንደ ተናጋሪው አፍ ይለዋወጣል። ትዕግስት «ብኩኔ» ስትለኝ ቁልምጫ ነው፤ ወጥ ላይ ጣል እንደሚደረግ ቅመም ነው። ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ባለችው የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቄ ደንበኞቼ «እጁ እንኳ ደህና ነበር፤ ብኩን ሆኖ ነው እንጂ» ሲሉ ደግሞ ሐዘኔታ አለበት። አንድ ጊዜ ስለ ብክነት መከላከል ትልቅ ስብሰባ ተጠርቶ ድምፅ ማጉያ ተበላሸና እኔን ጠሩኝ። ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሸፈነ ጨርቅ ላይ መፈክሩ ተጽፏል፤ በተሰብሳቢው ሁሉ ፊት የታሸገ ውኃ ቆሟል። ማይኩን ጠግኜ ስጨርስ ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ምሳ ሲያልቅ ሰው ተበተነ። ያን ቀን ብኩን ተብሎ የተጠራው ማን ነው? እኔ። ይሄ ፍርድ ነው?

የአማቴ የእማማ በላይነሽ አጠራር ግን ከሁሉ ይለያል። እሳቸው ሲሉት ቃል መሆኑ ይቀርና ማኅተም ይሆናል። ትዕግስትን ላገባ ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ «ልጁ መልካም ነው፤ ብኩን ይመስላል እንጂ» ብለው ፈቀዱ። ሽማግሌዎቹ የፈቀዱትን ረስተው «እንጂ»ዋን ይዘውልኝ መጡ። ከዚያ ወዲህ ክርስትና ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ የሚያስተዋውቁኝ እንዲህ ብለው ነው፤ «ይሄ የትዕግስት ባል ነው፤ ብኩኑ።» በገዛ አባቴ ለቅሶ ላይ እንኳ ለማያውቀኝ ሰው በዚሁ ስም አስተዋወቁኝ። ሰውየው እጄን ጨብጦ «እግዜር ያጽናህ» ሲለኝ፣ በአባቴ ይሁን በስሙ አልገባኝም።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ባለፈው ኅዳር ነው።

አማቴ የሚኖሩት አጋሮ ነው። ከቤታቸው ጓሮ ጥቂት የቡና ዛፎች አሏቸው። ፍሬው ቀይ ሲሆን ያስለቅሙና ከነልጣጩ ያደርቁታል፤ ጀንፈል የምንለውን ማለቴ ነው። ይህ ቡና ገበያ አይወጣም። ዓመቱን ሙሉ ቤት የሚጠጣው እሱ ነው፤ ሰው ሲወልድም፣ ሰው ሲሞትም አንጠልጥለው የሚሄዱት እሱን ነው። «የበላይነሽ ቡና መጣ» ከተባለ ለቀስተኛም ቢሆን ትንሽ ቀና ይላል። ስለዚህ ቡናው ለእሳቸው ቡና ብቻ አይደለም፤ አገር የሚያውቀው ፊታቸው ነው።

ቅዳሜ ከጅማው ሰፈራችን ከመንደራ ቆጪ ተነሥተን፣ እኔና ትዕግስት አጋሮ ስንደርስ ቡናው በማድረቂያው የሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሊደርቅ ምንም አልቀረውም። ወዝወዝ ሲያደርጉት ውስጡ መንኳኳት ጀምሯል። እማማ ግን ጥቁር ለብሰው ቆመዋል፤ ሊሙ ዘመድ ሞቶ፣ ሚኒባስ ተኮናትሮ፣ ሰፈሩ በሙሉ ሊሄድ ነው።

«ቡናው ማን ያየዋል?» አሉ።

«እኔ» አልኩ።

እማማ ትዕግስትን አዩ። ትዕግስት መሬት መሬቱን አየች።

«ልጄ፣ ሥራው ቀላል ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብለው። «አልፎ አልፎ ታገላብጠዋለህ። ደመና ካየህ ሸራውን ታለብሰዋለህ። ሌላ ምንም አታድርግ። ሰማኸኝ? ምንም።»

«እማማ፣ ደህና አድርጌ ከጠበቅሁት ያቺን ቃል ይተዉልኛል?»

«የቷን?»

«የሚያውቋትን ነዋ።»

ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ፤ ለቅሶ ሊሄዱ አይደል። «ቡናዬን ደርቆ ካገኘሁት፣ በማርያም፣ ዳግመኛ ከአፌ አትወጣም። እርጥብ ካገኘሁት ግን በለቀስተኛው ሁሉ ፊት ነው የምጠራህ።»

ሚኒባሱ ሄደ። እኔና ቡናው ቀረን። ያን ጊዜ ምንም ባላደርግ ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው ነበርኩ። ግን አስቡት፤ ብኩን ላለመባል ቁጭ ማለት! ቁጭ ብሎ የተገኘ ድል ደግሞ ምን ድል ነው? ነገ «ዝም ብሎ ስለተቀመጠ ነው የተሳካለት» ብትባሉ ያኮራችኋል? እኔ ቡናውን ብቻ መጠበቅ አልፈለግሁም። አድርቄ፣ ጆንያ ውስጥ ከትቼ፣ አፉን ሰፍቼ በር ላይ አቁሜ ልጠብቃቸው ወሰንኩ።

ችግሩ ጓሮው ውስጥ ያለው የአቮካዶ ዛፍ ነው። ከቀትር በኋላ ጥላው አልጋው ላይ ይጋደማል። ዛፍ አይቆረጥ፣ ፀሐይ አትጎተት። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ወደ ላይ ሳንጋጥጥ የቤቱን ቆርቆሮ አየሁት። ያብረቀርቃል። ጥላ የለበት፣ ዶሮ አይደርስበት፣ ከታች ደግሞ ግሎ እንደ ምጣድ ነው። «እንዴት እስከ ዛሬ ሰው አላሰበውም?» አልኩ። ወገኖቼ፣ ይህ ጥያቄ ወደ አእምሯችሁ ሲመጣ ሩጡ። ሰው ያላደረገው ስላሰበበት ነው።

መሰላል ያላቸው ጎረቤቱ አባ ራያ ናቸው። ከአጥሩ ማዶ ወንበራቸውን አውጥተው መቁጠሪያቸውን፣ ሙስባሃቸውን እየቆጠሩ የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው።

«አባ ራያ፣ መሰላል ያውሱኝ።»

«ለምንህ ነው?»

«ለቡና።»

«በመሰላል የሚለቀም ቡና መጣ እንዴ ደግሞ?»

«ለቀማ አይደለም። ማድረቅ ነው። ጣሪያው ላይ።»

ሙስባሃው ቆመ። «ያ ረቢ» አሉ። አጠገባቸው የነበረው አውራ ዶሮ እንኳ አንገቱን አዘንብሎ አየኝ። መሰላሉን ግን ሰጡኝ። መከራህን በነፃ ለማየት የተዘጋጀ ሰው መሰላል አይነፍግህም።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ፤ ምክንያቱም ሌላ ብኩን ቢሆን ሦስት ጊዜ ይወጣና ይወርድ ነበር። እኔ ቡናውን ሦስት ጆንያ ላይ ከፋፈልኩት፤ ጆንያዎቹን በአንድ ረጅም ገመድ አከታትዬ አሰርኳቸው፤ የገመዱን ጫፍ ወገቤ ላይ ቋጥሬ አንድ ጊዜ ብቻ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ መጎተት ነው! ይህን ዘዴ መሐንዲስ ቢያየው ያቅፈኝ ነበር። የመጀመሪያው ጆንያ በደህና መጣ። ሁለተኛው ሲመጣ እጄ ተላጠ። ሦስተኛው የጣሪያው ጠርዝ ላይ ከወጣ ምስማር ጋር ተያይዞ ተተረተረና ቁና ሙሉ ቡና በአባ ራያ ዶሮ ላይ ወረደ። ዶሮው የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ?» አሉ አባ ራያ።

«ምንም! እየደረቀ ነው!»

ቆርቆሮ ተዳፋት መሆኑን ከታች ሆናችሁ ስታዩት አይታወቃችሁም። የመጀመሪያውን ጆንያ ስዘረግፈው ቡናው ተሰጥቶ አልተቀመጠም፤ በየሸንተረሩ ተሰልፎ እንደ ተማሪ እየሮጠ ወረደና አሸንዳው ውስጥ ገባ። አሸንዳ ማለት የጣሪያ ውኃ የሚቀበለው ቦይ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ቱቦ የአማቴ በርሜል ውስጥ ያፈሳል። ስለዚህ መከልከያ አስፈለገ። ኮቴን አወለቅሁና በአንድ በኩል ገደብኩት። ጫማዎቼን በሌላ በኩል። ቀበቶዬን መሐል ላይ አጋደምኩት። የተረፈውን በሆዴ ተኝቼ በክንዴ ከለከልኩ። ቆርቆሮው እንዴት እንደሚያቃጥል የምታውቁት ካልሲ ብቻ አድርጋችሁ ስትቆሙበት ነው። በአንድ እግሬ እየቆምኩ ሌላውን አበርድ ነበር። አባ ራያ ለጎረቤት ሲናገሩ «ትልቅ ሰው ነው፤ ያለ ዘፈን ይጨፍራል» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ግን ደረቀ! ይህን ማንም አይወስድብኝም። አንዱን ፍሬ በጥርሴ ብነክሰው ቀጭ አለ። ያን ጊዜ ስልኬ ጠራ። ትዕግስት ናት።

«ቡናው እንዴት ነው?»

«ለፀሐይ በጣም ቀርቧል።»

«ሸራውን አዘጋጅተሃል? እዚህ ሊሙ ላይ ደመና አለ።»

ሸራውን አየሁት። ታች፣ ባዶው የሽቦ አልጋ ላይ በሥርዓት ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«እያየሁት ነው» አልኳት። አልዋሸሁም።

የእኛ አገር ደመና ቀጠሮ አይጠይቅም። ቀና ስል ሰማዩ በአንድ ወገን ጠቁሯል። አባ ራያ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ቡኢ! ውረድ ልጄ! ሮብኒ ዱፌ፤ ዝናቡ መጣ!»

«አልወርድም!»

«ሸራውን አምጥተህ አልብሰው እንጂ!»

«ዘብ ቦታውን ለቆ አይሄድም አባ ራያ! ሸራውን ይወርውሩልኝ!»

«ወላሂ፣ እኔ ሸራ ልወረውር? ክንዴን አየኸው? የራሴን ቡና ላልብስበት» ብለው ገቡ።

ዝናቡ አላንጠባጠበም፤ እንደ ጭነት ተራገፈ። ቡናው ከየሸንተረሩ ተነሥቶ መሄድ ጀመረ። ኮቴ ሄደ፤ ጫማዎቼ ተከተሉ፤ አንደኛው አሸንዳው ውስጥ እንደ ጀልባ ተንሳፎ በፊቴ ሲያልፍ አየሁት። ቡናው በቱቦው እየተንኳኳ በርሜል ውስጥ ይወርዳል። እንግዲህ ረጋ ያለ ሰው ቢሆን «ይውረድ፤ በርሜሉ ይሰበስበዋል፤ ኋላ ይጠለላል» ይል ነበር። እኔ ግን ሐሳብ መጣልኝ። ቱቦው ቢደፈን ቡናው አይወርድም! በምን ይደፈን? ኮት የለ፣ ጫማ የለ። የቀረኝ ሱሪዬ ነው። ቀበቶው አስቀድሞ ስለሄደ ለማውለቅ አላስቸገረም። ጠቅልዬ የቱቦው አፍ ውስጥ ወተፍኩት።

ልክ ነበርኩ፤ ወደ በርሜሉ የሚወርደው ቆመ። ይልቁንስ አሸንዳው ሞላና በቤቱ ዙሪያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገነፈለ። ያቺ በርሜል ውስጥ ተሰብስባ ትጠብቀን የነበረች ቡና እንደ ዶቃ መጋረጃ በአራቱም ማዕዘን ጭቃ ላይ ወረደች። በዚህ መሐል ደግሞ ቱቦው ውስጥ ስልኬ ይጮኻል፤ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነው። ትዕግስት «ዝናብ ስለሆነ ቀድመን እየተመለስን ነው» ልትለኝ ኖሯል። ሁለቴ ጮኸ። ሦስተኛው ላይ ጉልጉል አለና አረፈ።

ሚኒባሱ በር ላይ ቆመ።

በእኛ ወግ አማች ለአማቱ ጉልበቱን እንኳ አያሳይም። እሳቸው ባሉበት እግሬን አነባብሬ ተቀምጬ አላውቅም። አሁን ከሚኒባስ የሚወርደው ለቀስተኛ ሁሉ ቀና ሲል በውስጥ ሱሪ የቆመ፣ ሃምሳን ያለፈ ሰው ጣሪያ ላይ አየ። ወደ ኋላ ዞርኩ። በኋላ በኩል አባ ራያና ቤተሰባቸው ናቸው። ጣሪያ ጓሮ የለውም። ትዕግስት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ዛሬም አልነገረችኝም።

እማማ በላይነሽ ባዶውን አልጋ አዩ። የተጣጠፈውን ሸራ አዩ። ግቢው ውስጥ ከጭቃ ጋር የተቦካውን የዓመት ቡናቸውን አዩ። አንዷን ፍሬ ጎንበስ ብለው አነሡና መዳፋቸው ላይ አገላበጧት። ፊታቸው ላይ ቁጣ ቢኖር ደስ ባለኝ። አልነበረም። ሐዘን ላይ ሐዘን ነው የነበረው።

ቃሉን ጠበቅሁ። መልሴን አዘጋጅቻለሁ። ብኩን ማን ነው? ልል ነው። አበባውን አብዝቶ አብቦ አብዛኛውን መሬት ላይ የሚያራግፈው የቡና ዛፍ ብኩን አይደለም? ያለ ሰዓቱ የሚዘንበው ሰማይ ብኩን አይደለም? ባዶውን አደባባይ ሲዞር የሚውለው ባጃጅስ? ፍርዱ በእኔ ላይ ለምን ይጠነክራል? ግሩም ንግግር ነበር።

እማማ ጥቁር ነጠላቸውን አውልቀው በረጅም ዘንግ ጫፍ ወደ እኔ አቀበሉኝ።

«ታጠቅ» አሉ።

ታጠቅሁ። ቃሉ አልመጣም።

«እማማ፣ ይበሉት!» አልኩ ከላይ።

«ምኑን?»

«ቃሉን! እርጥብ ካገኘሁት በሰው ሁሉ ፊት ብለውኝ የለም? ይበሉትና መልሴን ይስሙ!»

«ዝናብ ላይ ቆሜ አልሟገትም። ውረድና ትኩስ ነገር ጠጣ።»

«ሳይሉኝ አልወርድም!»

«ወይ ጉድ» አለ አንዱ ለቀስተኛ፤ «ሰው ብኩን ካልተባልኩ ብሎ ያምፃል?» ሳቅ የፈነዳው ያኔ ነው። ሬሳ ቀብሮ የመጣ ሰው ሁሉ ወገቡን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ነጠላውን አሸርጦ ጭቃው ላይ ጎንበስ አለ፤ ሴቱም ወንዱም፣ አባ ራያም ጭምር አጥር ዞረው መጥተው፣ ቡናውን ይለቅሙ ጀመር። ታጠበ፤ እንደገና ተሰጣ፤ ከግማሹ በላይ ተረፈ። ሲጠጣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል ይላሉ። ይበል! ባለሙያ ቀማሾች በአንድ ሲኒ ውስጥ ሎሚም አበባም አገኘን እያሉ ሲመሰክሩ ማንም አይስቅባቸውም፤ የእኔ ቆርቆሮ ምን አደረገ? አማቴ ያንን ቡና ለብቻው በጣሳ አስቀምጠው ለእኔ ብቻ ያፈሉልኛል። እኔም እስከ አተላው እጠጣዋለሁ። አይባክንም።

ብኩን የሚለውን ቃል እማማ ከዚያ ቀን ወዲህ አልደገሙትም። ባለፈው ሰርግ ላይ ሲያስተዋውቁኝ «ይሄ የትዕግስት ባል ነው፤ መሰላል አታሳዩት» ነው ያሉት። እኔ ግን ክርክሬን አልተውኩም። የደከመ ሰው ሁሉ ውጤት ካላሳየ ይሰደብ ከተባለ፣ በዚህ አገር ሳይሰደብ የሚያመሽ የለም። ብኩን አይደለሁም። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ጣሪያው ነው።

አንድ ነገር ብቻ እነሆ፣ ሰው ሳይነግራችሁ ራሴ ልንገራችሁ። መሰላሉ ካቆምኩበት አልተነቃነቀም ነበር። ደመናውን ሳይ ወርጄ ሸራውን ማምጣት እችል ነበር፤ ያልወረድኩት እንደ ዘብ ጸንቼ አይደለም። ከፍታ እፈራለሁ። ወደ ላይ እያየሁ እወጣለሁ፤ ወደ ታች እያየሁ መውረድ አልችልም። ያወረዱኝ አማቴ ናቸው። መሰላሉን ወጥተው፣ ቁርጭምጭሚቴን ይዘው፣ «ግራ... አሁን ቀኝ... አይዞህ» እያሉ፣ እግሬን በየእርከኑ አንድ በአንድ እያስቀመጡ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።